ጆሮ ያለው ሁሉ ዳኛ ሆነ

ድሮ ለትረካ የሚያስፈልገው ተራኪ፣ ሬዲዮና ዝምታ ነበር። ዛሬ ተራኪው በሽ በሽ ነው፤ ሬዲዮውም ስልክ ውስጥ ገብቶ በኪስ ይዞራል። ዝምታው ግን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሰዉ አንድ ምዕራፍ ሰምቶ ሳይጨርስ አስተያየት አለው። አስተያየቱ ስለ መጽሐፉ ቢሆን እሰየው ባልን፤ ስለ ሰውየው ጉሮሮ ነው እኮ! "ድምፁ ያንቀላፋል"፣ "አተነፋፈሱ ይሰማል"፣ "ምራቁን ሲውጥ ይረብሸኛል።" ታዲያ ሳይተነፍስ ይተርክላችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የእነዚህ ዳኞች ችሎት ሆኗል። ልጄ የታሪክ ትረካ ከፍታ ሽንኩርት ትከትፋለች። የልጅ ልጄ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በነጭ ነገር ደፍኖ የጠፈር ልቦለድ ያዳምጣል፤ ምሳ ቀረበ ስንለው በእጁ "ቆይ" ይለናል፣ ጠፈርተኛው ችግር ላይ ነዋ! ከአጥር ማዶ ያለው ጡረተኛ ሻለቃ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲሸተው ብቅ ይላል፤ እሱ ትረካ የሚሰማው ተራኪውን ለመርታት ነው። ሦስቱ ሲገናኙ እኔ ጆሮዬን ይዤ የት ልግባ?

ከፍጥነቱ ልጀምር፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ እሱ ነውና። ይህ ልጅ የሚያዳምጠው በአንድ ነጥብ አምስት ነው። ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ ደክሞ የተረከውን በአርባ ደቂቃ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ሲቸኩልማ እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ቀን የአድዋን ትረካ እንዲህ አድርጎ ሲሰማው ደረስኩበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ የተጀመረ ውጊያ፣ ያ ሁሉ ፈረሰኛ፣ ያ ሁሉ ነጋሪት፣ ያ ሁሉ ሬሳ፣ በዚህ ልጅ ጆሮ ውስጥ በሩጫ ገብቶ በሩጫ ይወጣል። ጄኔራል ባራቲየሪ ራሱ እንዲህ ፈጥኖ አልሸሸም!

"ምነው ልጄ፣ ማን አሳደደህ?" አልኩት።

"ጊዜ ይቆጥባል እኮ አባባ።"

"በቆጠብከው ጊዜ ምን ትሠራበታለህ?"

"ሌላ ትረካ እሰማበታለሁ።"

"እሱንስ?"

"እሱንም በአንድ ነጥብ አምስት።"

ከዚህ ልጅ ጋር ምን ይከራከሩታል? ዝም ብዬ ጋቢዬን ለበስኩ።

እኔ ማዳመጥን የለመድኩት በወጋየሁ ንጋቱ ነው። በደርግ ጊዜ፣ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ስለሆነ ብዙዎቻችን አንብበነዋል፤ መጨረሻውን እናውቀዋለን፤ ግን ወጋየሁ ሲተርከው በዛብህ ዘንድሮ ይተርፍ ይሆን እያልን ልባችን ይንጠለጠል ነበር። ሰውየው የመድረክ ሰው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ሆዳቸው ቀድሞ የገባ ይመስላል። ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ቤት ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች፣ እነሱን የሰደበ ይመስል፣ ይቁነጠነጣሉ።

ሬዲዮናችን በቆዳ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እናቴ ከትረካው ቀን በፊት አውጥታ ፀሐይ ላይ ትደረድረዋለች፤ ዶሮ እንዳይበትነው አንድ ልጅ ይጠብቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ነው። በፀሐይ የተነሣ ድንጋይ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ትረካው ከመሐል ሲደርስ ድምፁ መሳሳት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጎረቤቱም ቤተሰቡም ከየተቀመጠበት ወደ ሬዲዮው ይሳባል፤ መጨረሻ ላይ አሥራ ምናምን ራስ አንድ ላይ ገጥሞ፣ እስትንፋስ ተይዞ፣ ሰብለ ወንጌል ምን እንዳለች ይለቀማል። "ድምፁ አነሰ" ያለ ሰው አላስታውስም። ድምፁ ሲያንስ ጆሮ ነበር የሚጠጋው።

ያንኑ የወጋየሁን ትረካ ዛሬ በስልክ እንደሚያገኙት ልጁ ነገረኝ። ደስ አለኝ፣ አይካድም። "በል ስማው" አልኩት፤ ሰማው። ከሁለት ቀን በኋላ አስተያየቱን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጥሩ ነው አባባ፣ ግን ትንሽ ይጎተታል፤ አፈጠንኩት።" ወጋየሁ ንጋቱን አስሮጠው! ሰብለ ወንጌል በአንድ ነጥብ አምስት ፍጥነት መነኮሰች! ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ልጄ የደም ግፊት መስሏት መለኪያውን ይዛ መጣች።

ደግሞ ይህን መጽሐፍ በጆሮ መስማትን እነሱ የፈጠሩት ይመስላቸዋል። "አዲስ ነገር ስለሆነ አልለመድከውም" ይለኛል። አዲስ? እናቴ ፊደል ሳትቆጥር የስንቱን ሰማዕት ታሪክ ታውቅ የነበረው ስንክሳር በየዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እየሰማች አይደለም እንዴ? ተአምረ ማርያም ሲነበብማ ሕዝቡ በእግሩ ቆሞ ነው የሚሰማው። አንባቢው ቄስ ሳል ቢያፍነው "ምዕራፉን ዝለሉልኝ" የሚል ምእመን አላየሁም። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚያዳምጧቸው መጻሕፍት በሸክላ መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ከመጀመሪያዎቹ አድማጮች መካከል ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የአጋታ ክሪስቲ የነፍስ ግድያ ልቦለድ ነው። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ስንቴ ሸክላ መገልበጥ እንደነበረባቸው አስቡት። ይህ ልጅ ማስታወቂያ አምስት ሰከንድ ሲያስጠብቀው ግድግዳ በቡጢ ይመታል።

አዳማጭ ካላችሁስ ዐፄ ምኒልክ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ሲሊንደር አስቀርጸው ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ምኒልክ መልእክቱን በአክብሮት ቆመው ሰሙት፤ መድፍም አስተኮሱለት። ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ፣ በንግሥቲቱ ፈቃድ መሠረት፣ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ። እስቲ አሁን ለአንድ ትረካ ተነሥቶ የሚቆም አሳዩኝ! የኔዎቹ እንኳን ሊቆሙ፣ ተኝተው ነው የሚሰሙት፤ "ስልኩ ራሱ እንዲጠፋ ሰዓት ሞልቼዋለሁ" እያሉ። የቴዎድሮስን ታሪክ ለእንቅልፍ መድኃኒት!

ስለ ቴዎድሮስ ካነሣን የታሪክ አዳማጮቹን ጉድ ላውራ። ልጄ የመቅደላን ትረካ ከፍታ ወጥ ትሠራለች። ተራኪው ጎበዝ ነው፤ ዋሽንቱም ከኋላ ያለቅሳል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ደርሷል፤ እንግሊዞቹ በሩን ጥሰው ገብተዋል፤ ንጉሡ ሽጉጣቸውን አወጡ፤ ወደ አፋቸው… "ነጭ ልብስዎን እንደ አዲስ የሚያደርግ ሳሙና!" አለ ስልኩ። እኔ ተንዘረዘርኩ። ልጄ ግን በማማሰያው ድስቱን እያማሰለች፣ "ይኼ ሳሙና እውነትም ጥሩ ነው" አለች።

ሻለቃው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከተራኪው ጋር ይነጋገራል። "ውሸት!" ይለዋል። "በዚህ በኩል አይደለም የወጡት!" ይለዋል። አንዴማ ጣቱን ስልኩ ላይ ቀስሮ "አንተ ማን ነህና!" ሲለው፣ ጣቱ ነክቶት ትረካው ቆመ፤ ሻለቃው ያሸነፈ መስሎት ቡናውን ጠጣ። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሚጠብቀው የአያቱን ስም ነው። አያቱ አድዋ ዘምተዋል ይላል፤ የዘመቱት መቶ ሺህ ገደማ ስለሆኑ አይጠረጠርም። ግን ተራኪው ሁሉ ንጉሡን፣ ራሱን፣ ደጃዝማቹን ጠርቶ የሻለቃውን አያት ሳይጠራ ያልፋል። በዚህ ምክንያት እስካሁን ጥሩ ተራኪ አላገኘም። "ታሪክ ጸሐፊው ጳውሎስ ኞኞ በሕይወት ቢኖር እጽፍለት ነበር" ይላል።

ልጁ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አያቱ አጠገቡ ተቀምጬ እኔን አያምነኝም። የአድዋ ትረካ ሲሰማ "ምንጩ ምንድን ነው? ሌላኛው ወገንስ ምን አለ?" ይላል። ይሁን፤ መጠየቅ ደግ ነው፤ እኔም አስተማሪ ነበርኩ። ነገር ግን ያው ልጅ ጆሮውን ደፍኖ ወደ ጠፈር ሲወጣ ምንጭ የሚጠይቅበት አፍ የለውም! ከሰማይ አምስት እግር ያለው፣ ቆዳው ድንጋይ የሆነ ፍጡር መጥቶ ከሰው ጋር ሲወዳጅ "እውነት ይሆን?" አላለም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ እንጂ። አድዋ ላይ ለወደቀው ለገበየሁ ያላለቀሰ ልጅ!

ሻለቃው ደግሞ ግልባጩ ሆነላችሁ። ልጁ አንድ ቅዳሜ "አማርኛም አለ" ብሎ የይስማዕከ ወርቁን "ዴርቶጋዳ" አስጀመረው፤ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ አገር ያወያየው ልቦለድ ነው፤ የጣና ገዳማትን፣ ሰላዮችንና የጠፈር ሳይንቲስቶችን አንድ ላይ የሚያጋጥም። ሻለቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ "ውሸት" አላለም። እንዲያውም አንገቱን ይነቀንቃል፣ "እጠረጥር ነበር" ይላል። በኋላ ለጥምቀት ባሕር ዳር ሄዶ በጀልባ ጣናን ሲሻገር፣ ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ውሃውን እያየ፣ ቀዛፊውን በሹክሹክታ "ከሥር ምን እንዳለ ታውቃለህ?" ብሎታል። ቀዛፊውም ጉማሬ ያየ መስሎት ደንግጦ አቅጣጫ ቀየረ አሉ።

እንግዲህ ታሪኩን እንደ ተረት፣ ተረቱን እንደ ታሪክ የሚሰማ ጆሮ ምን ይባላል? ብቻ በሽታው እኛ ጋ እንዳልጀመረ ለመናገር ያህል፦ ንግሥት ቪክቶሪያ ያን ሲሊንደር ባስቀረጹበት በዚያው በ1898፣ ኤች ጂ ዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1938፣ ኦርሰን ዌልስ የተባለ የአሜሪካ ተዋናይ የሬዲዮ ድራማ አደረገው፤ ዜና አስመስሎ። መጀመሪያ ላይ ድራማ መሆኑ ተነግሯል፤ ከመሐል የከፈቱት ግን አልሰሙም፤ የደነገጠም ደነገጠ። ጋዜጦቹ በማግሥቱ አጋነኑት እንጂ አገር ምድሩ አልተሸበረም ይባላል። የኢኳዶሩ ግን ማጋነን የለበትም። በፌብሩዋሪ 1949 የኪቶ ሬዲዮ ያንኑ ታሪክ በስፓንኛ አቀረበው፤ ሕዝቡ ከቤቱ ወጣ፤ ቄሱም ወታደሩም ተንቀሳቀሰ። ድራማ ነው ሲባል ደግሞ ሕዝቡ ተናዶ ሄዶ የሬዲዮ ጣቢያውን ሕንፃ አቃጠለው። ሰውም ሞተበት። እነዚያ አስተያየታቸውን በክብሪት ሰጡ።

"ታዲያ የኛ አስተያየት አይሻልም?" አለኝ ልጁ ይህን ስነግረው። እንዴት ያለ ምላስ ነው! ይሻላል አላልኩም፤ አይሻልምም አላልኩም። "ቢያንስ በትክክለኛው ፍጥነት ነው የሰሙት" ብዬ ዘጋሁት።

ከአዳማጭ ሁሉ አንዲትን ልጅ ማንም እንዳይነካብኝ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሌሊት ካውያ ይዛ የቤተሰቡን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ አንዱን ማዳመጫ ከሻሽዋ ሥር ወደ ግራ ጆሮዋ ታስገባለች፤ ቀኙን ለማዳም ጥሪ ትተወዋለች። ታሪክ ነው የምትሰማው፤ የነገሥታቱን፣ የአርበኞቹን። በስልክ ስታገኘኝ ስለ ተራኪው አስተያየቷን ጠየቅኋት፤ ችሎቱ እኔንም ለከፈኝ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው" አለችኝ። አለቀ። ምራቅ ዋጠ አልዋጠ የሚል ሰው ከእሷ ይማር። ስታልፍ እግረ መንገዷን የነገረችኝ ደግሞ፣ ተራኪው "ክፍል ሁለትን በሚቀጥለው ሳምንት" ብሎ ሲያቆም አንድ ሸሚዝ አቃጥላ ከደመወዟ እንደተቆረጠባት ነው። ተራኪዎች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሰው ካውያ ይዞ እንደሚሰማችሁ እወቁ።

ወደ ጠፈሩ ልመለስ፤ ጉዳይ አለኝ። ልጁ እንባ ያፈሰሰበት መጽሐፍ የአንዲ ዊር "ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ" ይባላል፤ በ2021 በፈረንጆቹ የወጣ ነው። ሬይ ፖርተር የሚባል ሰው ይተርከዋል፤ 16 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ የድምፅ መጽሐፍ ተብሎ ተሸልሟል። አዳማጮቹ ከሚነበበው የሚሰማው ይበልጣል የሚሉበት ምክንያት አላቸው፤ ያ ባለ አምስት እግር ፍጡር የሚናገረው በዜማ ነው፤ መጽሐፉ ላይ የሙዚቃ ኖታ ይሳላል፣ ትረካው ላይ ግን ዜማው ራሱ ይሰማል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ "ቅኝቱ ምንድን ነው? አምባሰል ነው?" ብዬ ተሳለቅሁ። አንዱን ማዳመጫ ሳብ አድርጎ ጆሮዬ ላይ ሰካው። እኔም የተራኪውን ስሕተት ልልቀም ብዬ ተውኩለት።

አምባሰል አይደለም። ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ያ ፍጡር ዓይን የለውም። ብርሃን አይቶ አያውቅም። የሚያየው በድምፅ ነው፤ ሰምቶ ግድግዳውን ያያል፣ ሰምቶ የጠፈርተኛውን እጅ ያያል። ይኼን ነበር እኔ ስንት ዓመት የምናገረው! ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚያዳምጥ ቢኖር እሱ ነው። ሰውየውን "ፈጠን በልልኝ" አላለውም።

ሰውየው ደግሞ፣ ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ አስተማሪ ነው። የሳይንስ መምህር። ፀሐይ እየደከመች ነው ተብሎ በመርከብ ከሌላ ኮከብ ዘንድ ልከውታል፤ ሲነቃ ስሙን እንኳ አያስታውስም። የመሄጃውን ነዳጅ ሰጥተው የመመለሻውን አልሰጡትም። ልጁ "ይህ እኮ ልቦለድ ነው አባባ" አለኝ። ምኑ ነው ልቦለድ? እኔ ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ስመደብ የመሄጃ አበል ሰጥተው የመመለሻውን "በኋላ" ብለውኝ የለም እንዴ? ያ መምህር ነገሩን በልኬት፣ በገመድና በሰዓት እየፈተነ የት እንዳለ ይደርስበታል። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ አድርጉ ያልኩት! ተራኪውም አስተማሪ ሲናገር የሚወጣውን ድምፅ ያውቃል፤ ትንሽ ይቀልዳል፣ ትንሽ ይቆጣል፣ ራሱን ይመልሳል።

እና ከዚያች ማታ ጀምሮ ልጁ ሲተኛ ስልኩን ተቀብዬ እሰማለሁ፤ ስሕተት ለመልቀም። በአንድ ነጥብ ዜሮ። እስካሁን ሁለት ቦታ እንግሊዝኛው አምልጦኝ ወደ ኋላ መለስኩ፤ ያ የኔ ጉዳይ ነው። ሻለቃውንም ነገርኩት፤ "አያትህ የሉበትም፣ ግን ስማው" ብዬ። ምንጩን ጠየቀኝ።

ትናንት ማታ መርከቡ ክፉኛ ተናጋ። አንዱ ሌላውን ለማዳን የማይሆን ነገር ሊያደርግ ተነሣ፤ ማን ማንን እንደሆነ አልናገርም፣ ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ስልኩ ጠፋ። ባትሪ አይደለም፤ ይህ ልጅ ሰዓት ሞልቶበታል። ለማብራት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሄጄ ቀሰቀስኩት።

"አባባ፣ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።"

"ቁጥሩን ንገረኝ።"

"ነገ ትሰማለህ። ደግሞ መጨረሻው ላይ እኮ አስተማሪው…"

"ዝም በል!" አልኩት። "ዝም በል አንተ ልጅ!"

ዝም አለ። ዞሮም ተኛ። መምህሩ እዚያ ጨለማ ውስጥ መመለሻ ነዳጅ አጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ይሄ በአንድ ነጥብ አምስት ያንኮራፋል!